በአሰቦት የተሳለ፣ በመሰላ የተተከለ

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከለገሃር በምሥራቁ ባቡር ተነሣሁ። የተላክሁበት ጉዳይ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፦ በጨርጨር አውራጃ፣ በመሰላ በኩል ባለ ኮረብታ ላይ፣ ለአዲስ መንደር የተተከሉ ችካሎች ሁለት ጊዜ ተነቅለዋል፤ ባለሙያዋ ቦታው ድረስ ሄዳ ችካሎቹን በፕላኑ መሠረት ታስተክል፤ የተነቀሉበትንም ምክንያት አጣርታ በተያያዘው ቅጽ ላይ ትሙላ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ቃል ፊት የተሰመረው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከመስመሩ በላይ፣ በቅንፍ፣ ለምሳሌ ያህል «የሰርጎ ገቦች ሥራ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ምሳሌው ለሰነፍ ባለሙያ የቀረበ መልስ መሆኑን ለመረዳት ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለገኝም።

ፕላኑ የእኔ ነው። ከዓመታት በፊት አሰቦት ሜዳ ላይ ዐሥር ቀን ድንኳን ውስጥ አድሬ፣ መሬቱን በመሣሪያ ለክቼ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣና ውሃው ወዴት እንደሚተኛ መዝግቤ ለአንድ መንደር ሳልሁት። መንደር ምሥረታው ሲስፋፋ «ለሁሉም የሚሆን አንድ ፕላን» ተጠየቀ፤ የእኔ ተመረጠ። አለቃዬ ኮፒዎቹ ሁሉ ከሚወጡበት ብርሃን አሳላፊ ዋና ወረቀት፣ ከትሬሲንጉ፣ ላይ የቦታው ስምና የሰሜኑ ቀስት እንዲፋቅ አዘዘ። የፋቅሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ በምላጭ፣ ወረቀቱን ሳልበሳ፣ ምልክቱ እስከማይታይ ድረስ። ትእዛዝ ነበር። ሆኖም ስፍቅ ደስ እያለኝ እንደ ነበር አልክድም። «ለአገር ሁሉ የሚሆን ፕላን ሳለች» መባል፣ በባዕድ አገር ለፈጀሁት የሰባት ዓመት ትምህርት የሚመጥን ዋጋ መስሎኝ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ግን ስለ እኔ የሚነገረው ምስጋና እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነው፦ «ፊደሏ ያምራል።» ከእኔ በኋላ የተቀጠሩ ወንዶች የክፍል ኃላፊ ሆነው አልፈዋል። በዚያ ወር ደግሞ የኃላፊነቱ ወንበር ዳግመኛ ባዶ ነበር፤ ስሜ ከሦስት ዕጩዎች አንዱ ሆኖ ቀርቧል። ስለዚህ በዚህ ጉዞ እንድሳሳት አይፈቀድልኝም ነበር።

በባቡር

በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ከፊቴ የተቀመጠችው የድሬዳዋ ነጋዴ፣ ሦስት ዘምቢል በእግሮቿ መካከል ደርድራ፣ የያዝሁትን የቆርቆሮ ቱቦ ከሞጆ ጀምሮ ስታየው ቆየች።

«እህቴ፣ ምንድን ነው? ምንጣፍ ነው?»

«የመንደር ፕላን ነው።»

«መንደር? በዚህ ቱቦ?» ጎንበስ ብላ በአፉ በኩል አጮለቀች። «ሰዎቹስ የት ገቡ?»

ፉርጎው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር።

አዋሽን ተሻግረን ከቀትር በኋላ የአሰቦት ተራራ በስተቀኝ ብቅ አለ፤ ገዳሙ ያለበት ነውና ተሳፋሪዎች አማተቡ። እኔ ግን ያየሁት ከሥሩ ያለውን ነው። ሜዳው ላይ የሳልሁት መንደር ቆሟል፦ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ፣ ከግራና ከቀኝ በረድፍ የተሠሩ ቤቶች፣ ፊታቸውን ከነፋሱ የመለሱ በሮች። ፍየሎች በመንገዱ መሐል ተኝተዋል። ሰዎቹ ወደዱት ወይስ ተገደዱ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከባቡር መስኮት አይመለስም። መሬቱና ፕላኑ ግን አልተጣሉም ነበር። ያን ያህል አረጋገጥሁ።

ሜኤሶ ላይ የክፍለ ሀገሩ ቴክኒሻን አቶ ግርማ በላንድሮቨር ጠበቀኝ። ከጎጃም የተመደበ፣ ነገር የሚወድ፣ አርባ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። ጣቢያው ደጃፍ ላይ አንድ ትልቅ ፓፓያ በሃምሳ ሳንቲም ገዝቶ በቢላ ሰነጠቀልኝ።

«ይብሉ ኢንጂነር። ላይ ደጋው ብርድ ነው፣ ፓፓያም የለም።»

መንገዱ ከቆላው ወደ ጨርጨር ተራሮች በጥምዝ ጥምዝ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጉዞ ነው፤ ከግራር ወደ ጽድ፣ ከግመል ወደ በሬ ያሸጋግራል። መግቢያው ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

አሰበ ተፈሪ

ሕዝቡ ጭሮ የሚላት ከተማ በሸለቆና በዳገት መካከል የተጣበቀች ናት። በትምህርት ቤት ፕላኗ ቢሰጠኝ ስህተቶቿን በቀይ የማሰምርባት ዐይነት ከተማ ነች፤ መንገዷ ጠባብ ነው፤ ቤቶቿ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ነገር ግን ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልጋ በሦስት ብር ከያዝሁበት ሆቴል በረንዳ ሆኜ ተመለከትሁ። ጫት ጭነው የወረዱ አህዮች ዳገቱን በሰያፍ ወጡ፤ ሴቶች በጥላው በኩል ተቀምጠው ሸጡ፤ ከመስጊድ የወጡና ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ሰዎች በአንዲት ጠባብ ደረጃ ላይ ተላለፉ፣ ሳይገፋፉም ተጠያየቁ። ማንም አልሳለውም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሰው የሚቆምበትን ያውቃል። የቀዳሁት ሆጃ፣ በወተት የፈላ የቡና ገለባ ነው፣ ሳልጨርሰው በረደ።

የመንደር ምሥረታው ዘመቻ አስተባባሪ ጓድ አበራ ለስብሰባ ገለምሶ ሄደዋል ተባለ። እስኪመለሱ አልጠበቅሁም። ማክሰኞ ጠዋት ከአቶ ግርማ ጋር ወደ ኮረብታው ወጣን።

ኮረብታው

ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ በጠጠሩ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተንገጫግጨን፣ የመጨረሻውን በእግር ወጣነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ዩያ፣ ሽርጣቸውን ያገለደሙ ቀጭን ሽማግሌ፣ ፕላኑን በእጃቸው ይዘው ተቀበሉን። ሰማያዊው ኮፒ ከመታጠፍ ብዛት በመሐሉ ተቀድዷል። በግርጌው ያለው የእኔ ፊደል ነው።

ቦታውን አንዴ ቃኝቼ ቆምሁ። ኮረብታው እንደ ጣሪያ ያዘነበለ ነው። የተነቀሉት ችካሎች ጉድጓድ በሁለት ረድፍ ይታያል፤ ዋናው መንገድ ከኮረብታው አናት ተነሥቶ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳይታጠፍ፣ ቁልቁል እስከ ግርጌው ይወርዳል። በመጀመሪያው ዝናብ ወንዝ የሚሆን መንገድ ነው። ቤቶቹ ከግራና ከቀኙ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ወንዙ የሚያርፍበት ላይ።

«ይህን ማን በዚህ አቅጣጫ ተከለው?» አልሁ።

ኦቦ ዩያ ግርማን ተመለከቱ። ግርማ መሬቱን ተመለከተ።

«እኔ ነኝ፣ ኢንጂነር። ሰሜኑን ፈለግሁ፣ የለም። የቦታውን ስም ፈለግሁ፣ የለም። ከፍታ የለም፣ ወንዝ የለም። ወረቀት ነው፣ ራስና ግርጌ አለው። ታዲያ ራሱን ወደ ተራራው ካላደረግሁ ወደ ገደሉ ላድርገው?»

«መጠየቅ ትችል ነበር።»

«ማንን? ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። ‹በፕላኑ መሠረት ፈጽም› የሚል መልስ መጣ።» በኦቦ ዩያ እጅ ወዳለው ኮፒ ጠቆመ፦ «ፊደሉ በጣም ያምር ነበር። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ሰሜንን ይረሳል ብዬ አልገመትሁም።»

አልረሳሁም ነበር። ያን ግን በዚያ ሰዓት አልነገርሁትም።

ችካሎቹን ማን እንደ ነቀለ ኦቦ ዩያን ጠየቅሁ። አላውቅም አሉ፤ ሲዋሹ ጢማቸውን ይነካሉ። በዚህ መሐል ከላይ ካለው ማሽላ ማሳ አንዲት ባልቴት የማሽላ አገዳ ተመርኩዘው ወረዱ። አዴ ሐሊማ ይባላሉ፣ እናት ሐሊማ እንደ ማለት ነው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ድረዋል፣ ብቻቸውን ጫታቸውን ይጠብቃሉ። ለአዲሱ መንደር ዕጣ ሲወጣ የደረሳቸው ቦታ የመንገዱ ግርጌ፣ የመጨረሻው ነው።

«ዩያ፣ አትዋሽ፤ ጾም ሊገባ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ነኝ የነቀልሁት። ሁለቴም እኔ። አልሰረቅሁም፤ ነይና ቁጠሪ።»

ጎጇቸው ጥግ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ችካሎቹ በገመድ ታስረው እንደ ማገዶ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ጫፋቸው ወደ አንድ ወገን።

«ለምን ለማኅበሩ አልተናገሩም?» አልኋቸው።

«ተናገርን። ዩያ ለግርማ ነገረ። ግርማ ‹ባለሙያ የሳለው ነው› አለ። ባለሙያው የት ነው ስንል አዲስ አበባ ነው አሉን። አዲስ አበባ ዝናብ ወደ ላይ ነው የሚፈስ?»

«የሳልሁት እኔ ነኝ፣ አዴ ሐሊማ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ? እኔ ወንድ መስሎኝ ስሰድበው ነው የከረምሁት።»

«ምን ብለው ሰደቡት?»

«ለሴት አይነገርም።» ኦቦ ዩያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

አዴ ሐሊማ አልሳቁም። በአገዳው ወደ ጫታቸው ጠቆሙ። ጫቱ በረድፍ በረድፍ ተተክሏል፤ ረድፉ ቁልቁል አይወርድም፤ ኮረብታውን እንደ መቀነት ይዞራል። ከእያንዳንዱ ረድፍ ሥር ዝቅ ያለ የአፈር ክትር አለ።

«ውሃ ሲመጣ እዚህ ይቆማል፤ ይጠጣል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ታችኛው ይሄዳል። ቤታችንም እንዲሁ ነው፤ ከጫቱ ጎን ለጎን፣ በረድፉ። ሂዱ ስትሉን ትሄዳላችሁ ወይ ብላችሁ አልጠየቃችሁንም። እሺ። ውሃው በየት እንደሚሄድ ግን ብትጠይቁን ምን ነበረበት?»

ትቻቸው ወደ ማዶው ትከሻ ብቻዬን ወጣሁ። ከዚያ ሆኜ ኮረብታውን ፊት ለፊት አየሁት። በሙያችን እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያያይዝ መስመር አለ፤ ያለ እርሱ ተዳፋት ላይ መንደር አይሳልም። ይህን መስመር ለጨርጨር ተራሮች እንዲሰጡኝ ሁለት ጊዜ ጽፌ ካርታው ምስጢር ነው ተብዬ ነበር። ምስጢሩ ማዶ ላይ በቅሏል። የጫቱ ረድፎች፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ ኮረብታውን ከጥግ እስከ ጥግ አስምረውታል። በእኔ እጅ ቢሳል ከዚህ የተሻለ አይሆንም ነበር። ወረቀቱን ወደ ጎን አዞርሁት። መንገዱ ከረድፎቹ ጋር ተኛ፤ ትንሽ መታጠፍ ብቻ ያስፈልገዋል። ይህን ለማየት የወሰደብኝ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ግን ፕላኑን ማዞር በእኔ ሥልጣን አልነበረም። ጓድ አበራ መፈረም አለባቸው፤ ለመፈረም ደግሞ «ምክንያት» የሚለው መስመር መሞላት አለበት።

ገለምሶ

ረቡዕ በበዴሳ በኩል ወደ ገለምሶ ወረድን። መንገዱ ግራና ቀኝ ቡናና ጫት ነው፤ ገበያ ቀን ስለ ነበር የገለምሶ መግቢያ በሰው ተሞልቶ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ምሳ ሩዝ በምስር፣ ሁለት ብር ከሃምሳ ለሁለት ሰው፤ ግርማ ምንም አልበላም ማለት ይቻላል።

«ቅጹ ላይ ስሜን ይጽፉት ይሆን?» አለኝ ሳህኑን እያየ። «አልቀየምዎትም። ሚስቴ ግን የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ነው።»

«ዝም ብለህ ብላ» አልሁት።

ጓድ አበራ ትሑትና ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ወንበር ራሳቸው ሳቡልኝ። ጉዳዩን በዝርዝር አስረዳሁ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ጓድ ኢንጂነር፣ በፕላኑ ላይ እጃችንን አናስገባም። ፕላኑ ሳይንስ ነው።»

«የሳልሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ትክክል ነው ማለት ነው።»

«ለዚያ ቦታ ትክክል አይደለም።»

«ቦታውን የመረጠው ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው አብዮታዊ አደራ አለበት።» እርሳሱን በጠረጴዛው ላይ አቃኑት። «አተካከሉ ከሆነ አቶ ግርማ ይጠየቃል። ነቀላው ከሆነ የማኅበሩ ሊቀመንበር ይጠየቃል፤ ነቃዩን ያውቃልና። እርስዎ ይምረጡ። አንዲት መስመር ናት፤ አንድ ስም ይበቃታል።»

ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አሁን ለአንባቢ ትክክለኛውን መናገር ይገባኛል፦ የራሴን ስም ለመጻፍ የወሰንሁት በርኅራኄ አይደለም። ግርማን አልወደድሁትም፤ ኦቦ ዩያን ከአንድ ቀን በላይ አላውቃቸውም። ሦስቱን ስሞች እንደ ሦስት መለኪያ አስቀምጬ፣ ከእውነቱ ጋር የሚገጥመው የትኛው እንደ ሆነ ሒሳብ ሠራሁ። ሰሜኑ ባይፋቅ ግርማ አይሳሳትም ነበር፤ ግርማ ባይሳሳት አዴ ሐሊማ አይነቅሉም ነበር። ምላጩ የእኔ ነው። አለቃዬ አዟል፤ ትእዛዙ ግን በቃል ነበር፤ በወረቀት ላይ ያለው የእኔ እጅ ብቻ ነው። ወንበሩ ታየኝ፤ ለአምስት ዓመት የጠበቅሁት፣ መስኮት ያለው ክፍል። እንዲህ ጻፍሁ፦ «የፕላኑ ስህተት። ለሌላ ቦታ የተሳለ ፕላን፣ የቦታው ስምና ሰሜኑ ተፍቆ ለዚህ ቦታ እንዲውል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።» አንዱ መስመር አልበቃኝም፤ ወደ ኅዳጉ ወረድሁ። ፈረምሁ።

ጓድ አበራ አነበቡት፤ ፊታቸው ተፈታ።

«ይህስ ይሻላል። ማንም አልተነካም።»

የመንገዱን ማዞሪያ ወዲያው ፈረሙልኝ። እኔን ከማንም ውስጥ አልቆጠሩኝም።

ችካሎቹ ሲመለሱ

ሐሙስ ወደ አሰበ ተፈሪ ተመልሰን አድረን፣ ዓርብ ማለዳ ኮረብታው ላይ ነበርን። መሣሪያ አልያዝንም፤ ሲባጎ፣ ሜትርና የጫቱ ረድፍ በቃን። አዴ ሐሊማ ችካሎቹን በሁለት ሸክም አመጡ፤ ግርማ ቆጠረ።

«አንድ ይጎድላል፣ አዴ።»

«ፍየሌን አስሬበታለሁ። ፕላናችሁ አንድ ጥቅም ይኑረው።»

ግርማ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ቀትር ላይ ወደ ኋላ ሄዶ የተዘረጋውን ሲባጎ በአንድ ዐይኑ አየ።

«ኢንጂነር፣ መንገዱ ጠመመ እኮ።»

«ኮረብታው ነው የጠመመው። እኛ ተከተልነው።»

የአዴ ሐሊማ ዕጣ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ቦታው ግን አሁን ከውሃው መውረጃ ወጥቶ ደረቁ ትከሻ ላይ አረፈ። አራት ችካል ሲተከል ቆመው አዩ። ከዚያ በመሐሉ ቆመው ወደ ላይ እያዩ፣ ከዕጣቸው ሆኖ የማይታየውን ጫታቸውን ፈለጉ።

«ውሃው ደኅና። ጫቴን ከዚህ ሆኜ በምን ዐይኔ ልጠብቀው? ይህንንስ ሳልሽው?»

«አልሳልሁትም» አልሁ።

«እንግዲያው ገና ነሽ» አሉኝ፤ አላመሰገኑኝም። ማመስገን አልነበረባቸውም።

መመለስ

ቅዳሜ ከሜኤሶ ባቡር ያዝሁ። አሰቦትን ስናልፍ ሜዳው ላይ ያለችው መንደሬ ቀጥ ብላ ተኝታለች። በዚህ ጊዜ ያየሁት መንደሩን ሳይሆን መሬቱን ነው፤ ቀጥ ያለው መንገድ የእኔ ብልሃት ሳይሆን የሜዳው ፈቃድ እንደ ነበር። ለኑሮ የምትመች መንደር የምትጀምረው ከመጀመሪያው መስመር በፊት ነው፤ መሬቱና በመሬቱ ላይ የኖሩት ከተጠየቁበት ሰዓት። ይህንን በሰባት ዓመት ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጽፌ ከፍተኛ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ያወቅሁት ግን ችካል ነቅለው በሥርዓት ካሰሩ ባልቴት ነው።

ከመሸ ለገሃር ደረስሁ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ቅጹ ላይ የጻፍሁት በሬዲዮ መልእክት ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። በሳምንቱ ወንበሩ ለሌላ ተሰጠ፤ እኔ ከሥዕል ክፍሉ ወደ ፕላን ማከማቻው ተዛወርሁ፤ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው። አለቃዬ ሊያጽናናኝ ብሎ «ፊደልሽ ለመዝገቡ ይጠቅማል» አለኝ።

በወሩ መጨረሻ የደጋ አገር የሆነ ሌላ አውራጃ ለሁሉም የሚሆነው ፕላን ኮፒ እንዲላክለት ጠየቀ። ትሬሲንጉን ከመሳቢያው አውጥቼ መብራት ላይ ዘረጋሁት። የፋቅሁበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ብርሃን ያሳልፋል። የቻይና ቀለም ብዕሬን ሞላሁ፤ በዚያው ቦታ ላይ «አሰቦት፣ ሜዳ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከጎኑ የሰሜኑን ቀስት መለስሁ። በምላጭ የተፋቀ ወረቀት ቀለም አይይዝም፤ ይጠጣል። ፊደሎቹ አበጡ፣ ጠርዛቸው ተበላ፣ ቀስቱ እንደ ሸረሪት እግር አወጣ። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ አስቀያሚው ጽሑፍ ነው። እስኪደርቅ ጠብቄ ላክሁት። ይነበባል።